ፓይተን የዳታቤዝ ሞጁሉን ኢምፖርት አላደርግም ይላል፤ ፒፕ ግን «ተጭኗል» ይለኛል

የጦሳ ልጅ (ደሴ) · ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አላት። የመጋዘኑን ክምችትና የዱቤ ደንበኞችን ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም አለን። በፓይተን የተሠራ ነው፤ ዳታው የሚቀመጠው ማይኤስኪውኤል የሚባል ዳታቤዝ ላይ ነው። የሠራልን ልጅ አሁን አገር ውስጥ የለም።

አሮጌው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነበር፣ ፓይተኑ ደግሞ 3.7። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማዘርቦርዱ ተቃጠለና አዲስ ገዛን። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ነው። ሃርድ ዲስኩ ስለተረፈ ፕሮግራሙንም ዳታውንም አውጥቻለሁ። ዳታው አዲሱ ማይኤስኪውኤል ላይ ገብቷል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ፕሮግራሙ ግን አይነሳም። ጥቁሩ መስኮት ብልጭ ይልና «ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር፦ ኖ ሞጁል ኔምድ ማይኤስኪውኤልዲቢ» ይላል። ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን ሞጁል (ተጨማሪ የኮድ ክፍል) ኢምፖርት ሊያደርገው፣ ማለትም ሊጠራው፣ ሲል አጣው ማለት ነው።

እስካሁን ያደረግሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የፓይተን ሞጁሎችን በሚጭነው መሣሪያ፣ በፒፕ፣ «ፒፕ ኢንስቶል ማይኤስኪውኤልዲቢ» አልኩ። እንዲህ የሚባል ነገር አላገኘሁም አለ። ከዚያ አንድ ጽሑፍ «ማይኤስኪውኤል-ፓይተን» የሚለውን ጫኑ ይላል። እሱ ደግሞ መሃል ላይ «ኖ ሞጁል ኔምድ ኮንፊግፓርሰር» ብሎ ቆመ። ሌላ ቦታ «ማይኤስኪውኤልክላየንት» የሚል አየሁ። ይሄ በደንብ ተጫነ። ፕሮግራሙን ስከፍተው ግን ያው ኤረር ነው። ድጋሚ ልጫነው ስል ፒፕ «ሪኳየርመንት ኦልሬዲ ሳቲስፋይድ» ይለኛል።

በመጨረሻ ከአሮጌው ዲስክ ላይ ማይኤስኪውኤልዲቢ የሚለውን ፎልደር ኮፒ አድርጌ አዲሱ ፓይተን «ሳይት-ፓኬጅስ» (የተጫኑ ሞጁሎች የሚቀመጡበት ፎልደር) ውስጥ አስገባሁት። አሁን ኤረሩ ተቀይሯል። «ካንኖት ኢምፖርት ኔም _ማይኤስኪውኤል ፍሮም ፓርሻሊ ኢኒሻላይዝድ ሞጁል» ይልና «ሞስት ላይክሊ ዱ ቱ ኤ ሰርኩላር ኢምፖርት» ብሎ ይጨርሳል። የፕሮግራሙን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፍቼ እርስ በርስ የሚጠራሩ መኖራቸውን ፈልጌያለሁ። ምንም የለም።

አክስቴ ዱቤውን በወረቀት እየመዘገበች ነው። እስቲ የምታውቁ እርዱኝ።

ገራዶ (ደሴ) · ማክሰኞ ማታ 2፡40

ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርገህ ሁሉንም እንደ አዲስ ጫን። አሮጌና አዲስ ሲደባለቅ እንዲህ ነው የሚሆነው። እኔ ጋ ሁልጊዜ የሚፈታው በዚህ ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ ማታ 3፡05

ወንድሜ የጦሳ ልጅ፣ አብሽር። እባክህ ፎርማት እንዳታደርግ። ገራዶ ወንድማችን ለመርዳት ብሎ ነው፤ ግን እዚያ ኮምፒውተር ላይ የዱቤ ዳታ አለ። ፎርማት ብታደርገውም በዚያው መንገድ መልሰህ ከጫንከው ኤረሩ ተመልሶ ይመጣል።

እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የዳታ ሥራ ነው የምሠራው። ይሄንን ችግር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አንተ «ሞጁሉ ተጭኗል ወይስ አልተጫነም?» እያልክ ነው የምትፈልገው። መጠየቅ ያለበት ግን «የትኛው ፓይተን ላይ ነው የተጫነው?» የሚለው ነው። አንድ ዊንዶውስ ላይ ሁለትና ሦስት ፓይተን ሊኖር ይችላል። እያንዳንዱ የራሱ ሳይት-ፓኬጅስ አለው። አንዱ ላይ የተጫነውን ሌላው አያየውም።

ሦስት ነገር አይተህ ንገረኝ። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፤ አንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትተይባቸው።

ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት) ላይ «ፒፕ ሰረዝ ሰረዝ ቨርዥን» በል። መጨረሻ ላይ በቅንፍ ውስጥ የየትኛው ፓይተን ፒፕ እንደሆነ ይነግርሃል።

ከዚያ የፕሮግራሙ ዋና ፋይል የመጀመሪያ መስመር ላይ፣ ከሌላው ኢምፖርት ሁሉ በፊት፣ «ኢምፖርት ሲስ» ብለህ ቀጥሎ «ፕሪንት» ውስጥ «ሲስ ነጥብ ኤግዚኪውተብል» ጻፍ። ፕሮግራሙን በእርግጥ የሚያስነሳውን ፓይተን ሙሉ አድራሻ ያወጣልሃል። ማስነሳት ያለብህ አክስትህ በምትከፍትበት መንገድ ነው፣ ሌላ ቦታ ሆነህ አይደለም።

ሦስተኛው፦ ኮፒ ያደረግከው ፎልደር ውስጥ መጨረሻው «ነጥብ ፒዋይዲ» የሆነ ፋይል አለ። ሙሉ ስሙን ጻፍልኝ።

የጦሳ ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3፡50

እህቴ፣ አላህ ይስጥልኝ። አየሁት።

ፒፕ «ፓይተን 3.13» ይላል። አድራሻው ውስጥ «ዊንዶውስአፕስ» የሚል አለበት። ፕሮግራሙ ግን ሲ ድራይቭ ላይ «ፓይተን311» ከሚል ፎልደር ነው የሚነሳው። መጀመሪያ ሲኤምዲ ላይ ፓይተን ብዬ ስጽፍ የማይክሮሶፍት ስቶር ተከፍቶ ነበር፤ ከዚያ ነው አንዱን የጫንኩት። ሌላውን ከፓይተን ድረ ገጽ አውርጄ ነው የጫንኩት። ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ባች ፋይል ውስጥ የተጻፈው የሁለተኛው አድራሻ ነው።

የፋይሉ ስም ደግሞ «_ማይኤስኪውኤል ነጥብ ሲፒ37-ዊን32 ነጥብ ፒዋይዲ» ነው።

ቦርከና · ማክሰኞ ማታ 4፡10

በቃ፣ ሁለቱም ኤረሮች ተገኙ።

የመጀመሪያው፦ ማይኤስኪውኤልክላየንትን የጫንከው 3.13 ላይ ነው። ፕሮግራምህ የሚነሳው በ3.11 ነው። ፒፕ «ተጭኗል» ሲል ስለራሱ ቤት እያወራ ነው፤ እውነቱን ነው። ፕሮግራሙም «የለም» ሲል እውነቱን ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ አሳሳች ነው። የዳታቤዝ ሞጁል በሙሉ በፓይተን የተጻፈ አይደለም። ከታች በሲ ቋንቋ ተጽፎ የተጠናቀረ ክፍል አለው፤ ያ ክፍል ነው ያ ፒዋይዲ ፋይል። ስሙን አንብበው። «ሲፒ37» ማለት ለፓይተን 3.7 ብቻ የተሠራ ማለት ነው። «ዊን32» ደግሞ ለ32 ቢት። የአንተ 3.11 የሚፈልገው «ሲፒ311» እና «ዊን_ኤኤምዲ64» የሚል ነው። ስሙ ካልገጠመለት ፋይሉ ፊቱ ተቀምጦም እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። ፎልደሩ ስላለ ማይኤስኪውኤልዲቢን መክፈት ይጀምራል፤ ውስጡ ገብቶ _ማይኤስኪውኤልን ሲፈልግ ያጣዋል። በግማሽ የተከፈተ ሞጁል ውስጥ ስም ሲያጣ ደግሞ ፓይተን የሚጠረጥረው ክብ ኢምፖርትን ነው። «ሞስት ላይክሊ» ያለው ለዚህ ነው። ግምት ነው፣ ምርመራ አይደለም። ይሄ ግምት ከፓይተን 3.8 ወዲህ ነው የመጣው፤ ስንቱን ሰው ጤነኛ ኮድ ሲያስፈትሽ እንዳደረ አውቃለሁ።

ስለዚህ የተጠናቀረ ሞጁል ከአንድ ፓይተን ወደ ሌላ ፓይተን ኮፒ አይደረግም። ያንን ፎልደር አጥፋው። ከዚያ በትክክለኛው ፓይተን ጫን። ፒፕን ብቻውን አትጥራው። የ3.11ን «ፓይተን ኤግዚ» ሙሉ አድራሻ ጻፍ፣ ቀጥለህ «ሰረዝ ኤም ፒፕ ኢንስቶል ማይኤስኪውኤልክላየንት» በል። እንዲህ ስትለው ሌላ ቦታ ሊጫን የሚችልበት መንገድ የለም።

ሐረጎ (መምህር፣ ደሴ) · ረቡዕ ጠዋት 1፡30

ቦርከና በሚገባ አስረድታለች። ስለ ስሞቹ ትንሽ ልጨምር፤ ተማሪዎቼም እዚህ ላይ ነው የሚደናገሩት።

ፒፕ የሚጭነው ጥቅል ስምና ኮድ ውስጥ ኢምፖርት የምታደርገው ሞጁል ስም አንድ መሆን የለባቸውም። ማይኤስኪውኤልዲቢ የሞጁል ስም ነው። ድሮ ይዞት ይመጣ የነበረው ጥቅል ማይኤስኪውኤል-ፓይተን ይባላል። እሱ ለፓይተን 2 የተሠራ ነው። የመጨረሻ እትሙ 1.2.5፣ በፈረንጆች 2014 ወጥቶ ቆሟል። «ኮንፊግፓርሰር የለም» ያለህም ለዚህ ነው። ያ ሞጁል በፓይተን 2 በትልቅ ፊደል ነበር የሚጻፈው፤ በፓይተን 3 ወደ ትንሽ ፊደል ተቀየረ። አሮጌው ጥቅል አሁንም በትልቁ ነው የሚጠራው። ምንም ብታደርግ አዲስ ፓይተን ላይ አይጫንም።

ማይኤስኪውኤልክላየንት የዚያው ጥቅል ቅርንጫፍ ነው፣ ፓይተን 3ን እንዲደግፍ ተደርጎ የተሠራ። የሞጁሉን ስም ግን አልቀየሩም፤ የድሮ ፕሮግራሞች ሳይነኩ እንዲሠሩ ብለው ነው። ስለዚህ የምትጭነው ማይኤስኪውኤልክላየንትን ነው፣ ኢምፖርት የምታደርገው ማይኤስኪውኤልዲቢን።

ፓይተን 2 ራሱ ከጥር 1 ቀን 2020 በፈረንጆች ጀምሮ ድጋፉ ተቋርጧል። ኢንተርኔት ላይ መፍትሔ ስትፈልግ መጀመሪያ ጽሑፉ የተጻፈበትን ዓመት ተመልከት።

ደጋን · ረቡዕ ጠዋት 3፡00

ለምን ይሄን ሁሉ ጣጣ? ፓይማይኤስኪውኤል የሚባለውን ሌላ የማይኤስኪውኤል ሞጁል ጫንና ተገላገል። ሙሉ በሙሉ በፓይተን የተጻፈ ስለሆነ ፒዋይዲ የለ፣ ሲፒ የለ። የትኛውም ፓይተን 3 ላይ ይሄዳል ማለት ይቻላል። ዋናው ፋይል ላይ «ኢምፖርት ፓይማይኤስኪውኤል» ብለህ ቀጥሎ «ኢንስቶል አዝ ማይኤስኪውኤልዲቢ» የሚለውን ተግባሩን ጥራው። ሌላው ኮድ ማይኤስኪውኤልዲቢ ያገኘ ይመስለዋል።

ቦርከና · ረቡዕ ከሰዓት 7፡20

ደጋን፣ መንገዱ ትክክል ነው፤ ለአንድ ሱቅ ፍጥነቱም አያንስም። ሆኖም ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ አዲሱ ማይኤስኪውኤል ከ8.0 ጀምሮ የይለፍ ቃል የሚያረጋግጥበትን መንገድ ቀይሯል። «ካሺንግ ሻ2 ፓስዎርድ» ይባላል። ፓይማይኤስኪውኤል በዚያ መንገድ ሲገባ «ክሪፕቶግራፊ» የሚባል ሌላ ጥቅል ሊጠይቅህ ይችላል። ያ ደግሞ የተጠናቀረ ክፍል አለው። ስለዚህ ከሲፒ ሽሽት ወደ ሲፒ ልትመለስ ትችላለህ። ሁለተኛ፣ የፕሮግራሙ ባለቤት የለም። ኮዱን ከመንካት ሳይነካ የሚሠራበትን መንገድ ብንሞክር ይሻላል ባይ ነኝ።

ደጋን · ረቡዕ ከሰዓት 7፡45

የይለፍ ቃሉን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ለአዲስ ፕሮጀክት ግን አሁንም ፓይማይኤስኪውኤልን ነው የምመርጠው።

የጦሳ ልጅ · ረቡዕ ማታ 1፡10

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን ገባኝ። ፎልደሩን አጥፍቻለሁ። ግን ሌላ ችግር አለ። ኮምፒውተሩ አሁን መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ ምድር ቤት ስለሆነ ኔትወርክ አይገባም። ስልኬን ሆትስፖት ባደርግም እዚያ ዳታ አይሠራም። አውጥቼ ቤት ልውሰደው?

ቦርከና · ረቡዕ ማታ 1፡35

አትድከም። ጥቅሉ አንድ ፋይል ነው፤ ዊል ይባላል። ከአንድ የስልክ ፎቶ ያነሰ ነው። እኔ አውርጄ እዚህ አያይዤዋለሁ።

የእኔ ኮምፒውተር ሊነክስ ነው፤ ዝም ብዬ ባወርድ የሊነክሱን ነው የሚያመጣልኝ። ስለዚህ «ፒፕ ዳውንሎድ» ብዬ ለማን እንደሆነ ነገርኩት፦ ፕላትፎርሙ ዊን_ኤኤምዲ64፣ የፓይተኑ ቨርዥን 3.11፣ የተጠናቀረ ብቻ። ሌሎቻችሁም ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር ስታወርዱ እነዚህን ሦስቱን አትርሱ። ካልገጠመ መጫኛው ላይ «ኢዝ ኖት ኤ ሰፖርትድ ዊል ኦን ዚስ ፕላትፎርም» ይላል። ያኔ ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፤ የሌላ ፓይተን ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ የፋይሉን ስም እንዳትቀይር። ሁለቴ ካወረድከው ስልክህ ወይም ብራውዘሩ መጨረሻው ላይ «(1)» ይጨምርበታል፤ ፒፕ ደግሞ በዚያ ስም አይቀበለውም። ፒፕ ለየትኛው ፓይተን እንደሆነ የሚያውቀው ከስሙ ነው።

መጋዘን ስትገባ ለፕሮግራሙ የራሱን ቤት ሥራለት፤ ቬንቭ ይባላል፣ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የተለየ የፓይተን ፎልደር ነው። የ3.11ን ፓይተን ሙሉ አድራሻ ጽፈህ «ሰረዝ ኤም ቬንቭ» በል፤ ቀጥሎ የምትፈልገውን የፎልደር ስም። ይሄ ኢንተርኔት አይፈልግም። አዲሱ ፎልደር ውስጥ «ስክሪፕትስ» የሚል አለ፤ እዚያ ያለው ፓይተን ኤግዚ ነው ከእንግዲህ የፕሮግራሙ ፓይተን። በእሱ «ሰረዝ ኤም ፒፕ ኢንስቶል» ብለህ የዊሉን አድራሻ ስጠው። ባች ፋይሉ ውስጥ ያለውንም አድራሻ ወደዚህኛው ቀይረው። ነገ ሌላ ሰው ሌላ ፓይተን ቢጭንበት እንኳ የአክስትህ ፕሮግራም አይነካም።

ቃሉ (ተማሪ፣ ኮምቦልቻ) · ረቡዕ ማታ 2፡20

ይቅርታ ክሩን ካቋረጥኩ። እኔም ያንኑ «ፓርሻሊ ኢኒሻላይዝድ» የሚል ኤረር ነው ያገኘሁት፤ የእኔ ግን ኤስኪውኤላይት3 የሚባለው የዳታቤዝ ሞጁል ነው። «ሃዝ ኖ አትሪቢውት ኮኔክት» ይላል። ኤስኪውኤላይት ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል ብለው አስተምረውናል፣ ምንም ኮፒ አላደረግሁም። ነገ ላብ ላይ ማሳየት አለብኝ።

ሐረጎ · ረቡዕ ማታ 2፡30

ልጄ፣ የምትሠራበትን ፋይል ምን ብለህ ሴቭ አደረግከው?

ቃሉ · ረቡዕ ማታ 2፡34

ኤስኪውኤላይት3 ነጥብ ፒዋይ።

ሐረጎ · ረቡዕ ማታ 2፡41

እሱ ነው። ፓይተን ስክሪፕት ስታስነሳ ሞጁል መጀመሪያ የሚፈልገው ስክሪፕቱ ያለበት ፎልደር ውስጥ ነው። «ኢምፖርት ኤስኪውኤላይት3» ስትለው የአንተን ፋይል ያገኛል፤ ፋይልህ ራሱን ኢምፖርት አደረገ ማለት ነው። የአንተው ፋይል ውስጥ ደግሞ ኮኔክት የሚባል የለም። ስሙን ቀይረው፣ ለምሳሌ «የላብ ሥራ» የሚል ትርጉም ያለው በእንግሊዝኛ ፊደል። አጠገቡ በሌላ ሞጁል ስም የተሰየመ ፋይል ካለም ቀይረው።

የአንተ ላይ «ሰርኩላር» ያለው ግምት ልክ ነበር፤ የጦሳ ልጅ ላይ ስህተት ነበር። ስለዚህ ሞጁሉ ከየት እንደተነሳ እየው፤ ኤረሩ ውስጥ የፋይሉ አድራሻ ካለ ከእሱ ጀምር። አድራሻው ወደ ራስህ ፎልደር ካመለከተ የስም ግጭት ነው። ወደ ሳይት-ፓኬጅስ ካመለከተ የአጫጫን ችግር ነው።

ቃሉ · ረቡዕ ማታ 2፡50

ሠራልኝ መምህር! እናመሰግናለን።

አዝዋ (ደሴ) · ረቡዕ ማታ 3፡15

እኔ ኡቡንቱ ሊነክስ ላይ ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ ነው የምጠቀመው፤ ለሚመጡት ብዬ አንድ ነገር ልጻፍ። የፖስትግሬስን ሞጁል «ሳይኮፒጂ2»ን ስትጭኑ «ፒጂ_ኮንፊግ ኤግዚኪውተብል ኖት ፋውንድ» ካለ፣ ከምንጩ ሊያጠናቅረው እየሞከረ ነው። ወይ «ሳይኮፒጂ2-ባይነሪ»ን ጫኑ፣ ወይ በአፕት «ሊብፒኪው-ዴቭ» እና «ፓይተን3-ዴቭ»ን ካስገባችሁ በኋላ ሞክሩ። ሁለቱም ቢሆን ኢምፖርት የሚደረገው ሳይኮፒጂ2 ተብሎ ነው።

ከኡቡንቱ 23.04 እና ከዴቢያን 12 ወዲህ ደግሞ ፒፕ «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ ኢንቫይሮንመንት» ብሎ ይከለክላችኋል። አስገድዳችሁ አትለፉት። ያ ፓይተን የሲስተሙ ነው፤ ከተበላሸ ብዙ ነገር ይዞ ነው የሚወድቀው። ቦርከና እንዳለችው ቬንቭ ሥሩ።

የጦሳ ልጅ · ሐሙስ ከሰዓት 9፡40

ቬንቭ ሠራሁ፣ ዊሉን ጫንኩ፣ ባች ፋይሉን ቀየርኩ። ማይኤስኪውኤልዲቢ ያለ ምንም ኤረር ኢምፖርት ሆነ! አሁን ግን «ካንት ኮኔክት ቱ ሰርቨር ኦን ሎካልሆስት» ይልና 10061 የሚል ቁጥር ያወጣል። ድጋሚ ሞጁሉ ይሆን?

ቦርከና · ሐሙስ ከሰዓት 10፡05

አይደለም፤ እንኳን ደስ አለህ፣ ኢምፖርቱ አልቋል። ሞጁሉ ባይነሳ ኖሮ ሰርቨሩን የሚያንኳኳ አይኖርም ነበር። 10061 ማለት በተባለው በር ላይ የሚሰማ የለም ማለት ነው። ማይኤስኪውኤል ራሱ አልተነሳም። መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ? የዊንዶውስ «ሰርቪስስ» መስኮት ውስጥ ማይኤስኪውኤል የሚለውን ፈልገህ «ስታርት» በለው። አነሳሱን ደግሞ «ኦቶማቲክ» አድርገው፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ራሱ እንዲነሳ።

የጦሳ ልጅ · ሐሙስ ከሰዓት 10፡30

ተነሳ!! የደንበኞቹ ስም፣ የብሎኬቱ፣ የሲሚንቶው፣ ሁሉም አለ። አክስቴ በወረቀት የያዘችውን እያስገባች ነው። እህቴ ቦርከና፣ መምህር፣ ሁላችሁም ዕድሜ ይስጣችሁ። ገራዶ ወንድሜ፣ አንተንም አመሰግናለሁ።

ገራዶ · ሐሙስ ከሰዓት 11፡00

እንኳን ተሳካ። እኔም ሱቅ ያሉትን ኮምፒውተሮች ስንት ፓይተን እንዳለባቸው ዛሬ አይቻለሁ።

ቦርከና · ሐሙስ ማታ 12፡45

አልሐምዱሊላህ። አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርግ፤ ዳታውን በ«ማይኤስኪውኤልደምፕ» አውጥተህ ፍላሽ ላይ አስቀምጥ። ስታወጣው ፓወርሼል ላይ ከሆንክ በ«>» ምልክት ወደ ፋይል አትላከው፤ የድሮው ፓወርሼል ፋይሉን ዩቲኤፍ-16 ወደሚባል የፊደል አጻጻፍ ይቀይረዋል፣ መልሰህ ስታስገባው እምቢ ይልሃል። በምትኩ «ሪዘልት-ፋይል» የሚለውን አማራጭ ተጠቀም። ፍላሹን ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጋር መጋዘን አትተወው፤ አክስትህ ቤት ይሁን።